ገዳዩን እያወቁ ማንበብ
(በአንባቢያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ሦስት አራት ወንበር ይታየኛል። ኑና ተቀመጡ፤ አታፍሩ። ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

ስለ ጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። እኔ ደራሲ አይደለሁም። ሐያሲም አይደለሁም። አንባቢ ነኝ። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ የወንጀልና የምስጢር ልቦለድ ሳነብ ኖሬያለሁ። ሌላውንም አነባለሁ። የፍቅሩንም፣ የታሪኩንም፣ የጦርነቱንም። ግን ማታ ደክሞኝ አልጋዬ ላይ ስወጣ፣ ወይም ሆድ ብሶኝ ብቻዬን ስሆን፣ እጄ የሚዘረጋው መርማሪ ወዳለበት መጽሐፍ ነው። ለምን? ዛሬ የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ስለ ሐቀኝነት ነው፤ ደራሲው ለአንባቢው ስላለበት ዕዳ። ሁለተኛው መጽሐፍን መልሶ ስለ ማንበብ ነው። ሦስተኛው ስለ ሟቹ ነው። አዎ፣ ስለ ሟቹ።

አስቀድሜ ግን ቃል ልግባላችሁ። የማንም ገዳይ ስም ዛሬ ከአፌ አይወጣም። መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው እዚህ ይኖራል፤ ደስታውን አልነጥቀውም። ስለዚህ አንዳንዱን መጽሐፍ በስሙ አልጠራውም፤ ቅር እንዳትሰኙ። ዓመቶቹን ደግሞ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። መጽሐፍ ጨርሳችሁ «ተሸወድኩ!» ብላችሁ አታውቁም? መሸወድ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደስ ይላል። ግንባራችሁን መታ አድርጋችሁ «እንዴት አላየሁትም? ፊቴ ላይ ነበር እኮ!» ትላላችሁ። ሁለተኛው ያበሽቃል። ሦስት መቶ ገጽ ስታስሱ ከርማችሁ፣ ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ከሰማይ ዱብ ያለ ሰው ይሆናል። ስሙን እንኳ ሰምታችሁት አታውቁም። ወይም መርማሪው በኪሱ የደበቀውን ደብዳቤ ያወጣና «ይህን ካገኘሁ ሦስት ቀኔ ነው» ይላል። ለኛ ሳያሳየን! ይሄ ብልጠት አይደለም። ይሄ ክህደት ነው።

ይህ ቁጣ የኔ ብቻ አይደለም። ብዙዎች የመርማሪ ታሪክ መነሻ የሚሉት የኤድጋር አለን ፖ አጭር ልቦለድ የወጣው በ1841 ነው። ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ስለ ተፈጸመ ግድያ የሚተርክ ነው። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው በዛ፣ አንባቢውም በዛ፣ የሚያጭበረብረውም በዛ። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ለደራሲዎች አሥር ደንቦች አወጣ። ሰውየው የካቶሊክ ቄስ ነው፤ ራሱም የወንጀል ልቦለድ ይጽፍ ነበር። ወንጀለኛው ገና ከመጀመሪያው በታሪኩ ውስጥ ይጠቀስ ይላል። መናፍስትና ተአምር አይግቡበት። የምስጢር በር ወይም መተላለፊያ ከአንድ በላይ አይኑር። ማንም የማያውቀው መርዝ አይፈጠር። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢው ወዲያው ይየው። በዓመቱ በ1930 እንግሊዞቹ ደራሲዎች ማኅበር አቋቋሙ። አዲስ አባል ሲገባ መርማሪዎቹ ምስጢሩን በራሳቸው አእምሮ እንጂ በድንገተኛ ዕድል ወይም በመለኮታዊ ራእይ እንደማይፈቱት ይምል ነበር። መሐላ! ለአንባቢ ሲባል። ይህን የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ከቁም ነገር ቆጥሮን የማለልን ሰው አለ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ የራሳቸውን አመጡ። ኤለሪ ክዊን በሚል አንድ የብዕር ስም የሚጽፉ ሁለት ዘመዳሞች ነበሩ። በዚያው በ1929 ባወጡት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው፣ መፍትሔው ከመነገሩ በፊት ታሪኩን ያቆሙና ወደ አንባቢው ይዞራሉ። የሚያስፈልግህ ፍንጭ ሁሉ አሁን በእጅህ ነው፣ እስቲ አንተ ፍታው ይሉታል። ከዚህ የበለጠ አክብሮት አለ?

እንግሊዛዊቷን ደራሲ አጋታ ክሪስቲንም ላንሳ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሠርታለች። መርዝን የምታውቀው ከዚያ ነው። በ1920 የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዷ ላይ ስለ መርዙ የጻፈችው ትክክል በመሆኑ የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት አመስግኗታል። ይሄም ሐቀኝነት ነው። የማታውቀውን አልፈጠረችም።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ላጫውታችሁ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ኦዲተር ነበሩ። ጡረታ እንደ ወጡ ዓይናቸው ደከመ። የመጽሐፍ ፊደል አልታይ አላቸው። ማታ ማታ እኔ ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር። የማነበው ያው የምወደውን ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለኛል።

አንድ ምሽት ተኩስ በተሰማባት ቅጽበት ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን ምን ያደርጉ እንደ ነበር የሚዘረዝር ምዕራፍ ላይ ደረስን። አንዱ መጽሐፍ ያነባል። አንዱ ይላጫል። አንዷ በር ትዘጋለች። አንብቤ አለፍኩ።

«ቆይ ቆይ፣ እዚያ ጋ መለስ በይ» አሉ አባቴ።

«የቱ ጋ አባዬ?»

«ሴትዮዋ ምን እያደረገች ነበር አልሽ?»

«በሩን እየዘጋች።»

«የትኛውን በር? ያ ክፍል እኮ በር የለውም። ቅድም መጋረጃ ብለሽ አንብበሻል።»

ወደ ኋላ ገለጥኩ። አርባ ገጽ ያህል። እውነትም! ስለ ወንበሩ፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ መስኮቱ በሚያወራ ረጅም አንቀጽ መሀል፣ በበር ፈንታ መጋረጃ እንደ ተሰቀለ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። እኔ ዕቃ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። አባቴ ግን ያዟት።

እንዴት እንደያዟት ጠየቅኳቸው። «ጉድለት በትልቁ ቁጥር ላይ አይደበቅም፤ ትልቁንማ ሁሉም ያየዋል» አሉኝ። «የሚደበቀው ማንም በማያነባት ትንሽ መስመር ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ስፈልግ የኖርኩት እሷን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀረን መጽሐፉን እንዘጋለን። ሁለታችንም የጠረጠርነውን ሰው ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። እሳቸው የራሳቸውን ግዙፍ ግዙፍ አድርገው በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ለእኔ አያሳዩም። ወረቀቱን በኋላኛው ሽፋን ውስጥ እንከትና እንቀጥላለን። ያኔ የእነ ኤለሪ ክዊንን ወሬ ገና አልሰማሁም ነበር። ቆይቼ ሳነበው ሳቄ መጣ፤ እኛ ቤት ውስጥ ራሳችን ደርሰንበት ነበር!

ሁለተኛው ነገር። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ በዋናነት ልናገር የፈለግሁት ይህን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

የ15 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የምስጢር ልቦለድ ተዋስኩ። ረጅም ዕረፍት ነበር። በእጄ ያለው መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው። ገጽ 31 ላይ ስደርስ፣ አንድ ስም ሥሩ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከጎኑ፣ በኅዳጉ ላይ፣ «ገዳዩ ይሄ ነው» ተብሎ ተጽፏል።

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ ወረደ። ያን የጻፈውን ሰው እስከ ዛሬ አላውቀውም። ግን ምን ወሰደ መሰላችሁ? የመጀመሪያ ንባብ በሕይወታችን አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው። ያን ነው የወሰደብኝ። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ይህን በማንም ላይ አታድርጉ።

መጽሐፉን ግን አልጣልኩትም። ሌላ የሚነበብ የለኝማ! ገዳዩን እያወቅኩ ቀጠልኩ። አንድ ነገር ሆነ።

ያ ሰው ባሏ የሞተባትን ሴት ሊያጽናና ይመጣል። አብሯት ያለቅሳል። ይህችን ሌሊት ከእሷ በላይ እሱ እንደማይረሳት ይነግራታል። እስቲ አስቡት። ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ምን ይላል? «ምን ዓይነት ታማኝ ወዳጅ ነው!» ይላል። እኔ ግን ገዳዩ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ የሰማሁት ሌላ ነው። እውነትም አይረሳትም! እንዴት ይርሳት? እንባውም የውሸት እንባ አልነበረም። ቃሉ ያው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው። ፍቺው ግን ሁለት ነው።

ለዚህ እኮ ቋንቋችን ስም አለው። ቅኔ የሚያውቁ ኅብረ ቃል ይሉታል። ሰሙንም ወርቁንም ባንድ ጊዜ የተሸከመች ቃል ማለት ነው። ሰሙ የሚፈጥነው ጆሮ የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ለሚመለስ የቆየ ነው። የምስጢር ልቦለድ ፍንጭ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። የጣት አሻራ አይደለም፤ የተጣለ ቁልፍም አይደለም። ሁለት ፍቺ የተሸከመ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነው። ደራሲው አልዋሸንም። ሰሙን ሰጠን፣ እኛም ሰሙን ይዘን ሮጥን።

ስለዚህ የኔ መመዘኛ አንድ ነው። ገዳዩን እያወቅሁ መልሼ ላነበው እችላለሁ? ከቻልኩ መጽሐፉ መጽሐፍ ነው። ካልቻልኩ አንዴ ተጭሮ ያለቀ ክብሪት ነው። ከባድ ፍርድ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይሁን። ስንቱን «ልብ አንጠልጣይ» የተባለ መጽሐፍ በዚህ መዝኜ ሰጥቻለሁ፣ ከመደርደሪያዬ አውጥቻለሁ። ልቤን አንጠልጥሎ ሲያበቃ ያስቀመጠልኝ ነገር አልነበረም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ክሪስቲ በ1926 «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» የተባለውን አሳተመች። መጨረሻው ብዙ ሰው አስቆጣ። ደንብ ጥሳለች፣ አጭበርብራናለች አሉ። ምን እንዳደረገች አልነግራችሁም! እኔ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት እርሳስ ይዤ ነው፤ በራሴ ቅጂ ላይ ነው፣ አትቆጡኝ። ውሸት ፍለጋ ገጽ በገጽ ሄድኩ። አላገኘሁም። ያገኘሁት በጥንቃቄ የተመረጡ ቃላትን ነው። ያላነበባችሁ አንብቡት። ያነበባችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ እንደገና ጀምሩት።

በሌላውም ልቦለድ ቢሆን ያው ነው። ወንጀል የሌለበትንም መጽሐፍ የማነበው እንደዚያ ነው። አንዲት እናት በመጀመሪያው ገጽ ለልጇ «ቶሎ ተመለስ» ትላለች። መጨረሻውን ካወቅሁ በኋላ ያቺ ቃል ሌላ ነገር ትሆንብኛለች። ጥሩ ደራሲ ሁሉ ፍንጭ ይጥላል። ሬሳ ባይኖርም።

አሁን ሦስተኛው። ይህኛው አጭር ነው፤ ግን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን በ1887 ለአንባቢ አስተዋወቀው፣ በ1893 ገደለው። አንባቢው አመፀ። ደብዳቤ ጎረፈ፤ ታሪኩ ይወጣበት የነበረውን መጽሔት መግዛት ያቆሙም ነበሩ። በመጨረሻ ደራሲው ተሸነፈና በ1903 ከሞት አስነሣው። የክሪስቲ መርማሪ ኤርኩል ፑዋሮ በ1975 ሲሞት ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ የሞት ዜናውን በፊት ገጹ አወጣ፤ እንደ እውነተኛ ሰው። ደስ ይላል። ለመርማሪው እናለቅሳለን።

ለሟቹስ? ለሟቹ ማን ያለቅሳል?

ሬሞንድ ቻንድለር በ1939 ባሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ ውስጥ አንድ ሾፌር ይሞታል። ወደ ፊልም ሲለውጡት ግራ ገባቸውና ሾፌሩን የገደለው ማን እንደሆነ ደራሲውን በቴሌግራም ጠየቁት። እሱም አያውቅም ነበር! ይህ ወሬ ሁልጊዜ በሳቅ ነው የሚነገረው። ቻንድለርን እወደዋለሁ፤ እንደ እሱ ከተማን በቃላት የሚያሳየኝ ጥቂት ነው። ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ሾፌሩ ያሳዝነኛል። እሱም ሰው ነበር እኮ። የሚጠብቀው አልነበረም? ሳይጠየቅለት ቀረ።

ዛሬ የሚወጡትንማ ተዉት። በመጀመሪያው ገጽ አንዲት ወጣት ሞታ ትገኛለች። ጸጉሯ ይገለጻል፣ ቀሚሷ ይገለጻል። ከዚያ መርማሪው ይመጣና ስለ ፍቺው፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ እንሰማለን። እሷ ምን ትወድ ነበር? ማን ነበር የሚያስቃት? ምንም። ለታሪኩ መክፈቻ ብቻ የተፈጠረች ሰው! እንዲህ ያለውን ሳገኝ ሃምሳኛው ገጽ ላይ እተወዋለሁ። ሕይወቷን ያላሳየኝ ደራሲ በሞቷ ሊያሳዝነኝ አይችልም።

ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህር የምስጢር ልቦለዴን ከእጄ ወስደው «ይህን ትተሽ ቁም ነገር አንብቢ» ብለውኝ ነበር። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። «ወንጀልና ቅጣት»ን ታውቃላችሁ። በ1866 የወጣ ነው፤ የሩሲያዊው ደራሲ የዶስቶየቭስኪ። እዚያ ገዳዩን ገና በመጀመሪያው ክፍል እናውቀዋለን፤ ስሙን መጥራቴ ምስጢር ማውጣት አይደለም። ራስኮልኒኮቭ አራጣ አበዳሪዋን አሮጊት ይገድላል። እህቷ ሊዛቬታ ሳይታሰብ ትደርስበታለች። እሷንም ይገድላታል። ሁላችንም የምናወራው ስለ ራስኮልኒኮቭ ነው። እኔንም ስለ እሱ ነው ያስጠኑኝ።

ሁለተኛ ሳነበው ግን ሊዛቬታን አገኘኋት። ሶንያ የምትባል ወጣት ለራስኮልኒኮቭ የአልዓዛርን ትንሣኤ የምታነብለት ቦታ አለ። ከየትኛው መጽሐፍ ነው የምታነበው? ሊዛቬታ ካመጣችላት አዲስ ኪዳን ነው። የገደላት ሴት መጽሐፍ! ገዳዩ ቁጭ ብሎ ስለ ሙታን መነሣት የሚሰማው ከእሷ መጽሐፍ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተነገረው፤ በመጀመሪያው ንባቤ ዘልየዋለሁ። እንደ መጋረጃዋ። ሟቿ አልተረሳችም ነበር። የዘለልኳት እኔ ነኝ።

ይህን ያሳየኝ ማን ነው? በመርማሪ መጽሐፍ ያሠለጠንኩት ዓይኔ ነው። በትንሿ መስመር ላይ መቆም የተማርኩት ከዚያ ነው። ያን መምህር ዛሬ ባገኛቸው በክብር የምነግራቸው ይህንን ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ እየተጠቆምኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ።

አባቴ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። ያኔ ጀምረነው የነበረ መጽሐፍ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀረን እንደ ልማዳችን ዘጋነው። ወረቀታችንን ጽፈን ከተትን። በማግስቱ ታመሙ፤ ከዚያ በኋላ አላነበብንም።

ለብዙ ወራት መጽሐፉን መንካት አቃተኝ። ከዚያ አንድ ምሽት እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ወንበር አጠገብ ሆኜ፣ የቀረውን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጨረስኩ። ወረቀቶቹን አወጣሁ። የኔ ግምት ስህተት ነበር። የእሳቸውን ገለጥኩ። በዚያ በግዙፍ ጽሑፋቸው ምን ብለው እንደ ጻፉ ታውቃላችሁ? ስም አልነበረበትም። «ምዕራፍ 2 እንደገና ይነበብልኝ» ይላል።

ተመለስኩና ምዕራፍ 2ን አነበብኩላቸው። ፍንጩ እዚያ ነበር፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ አንዲት አጭር መስመር።

አመሰግናለሁ።